ለእግር እብጠት ስቴም ሴል ወይስ ሳሙናና ጫማ? ገንዘባችንን የት እናውል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ባኬ ጃማ፣ ነቀምቴ)

 

እንደምታውቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመርቄ ቀን የመሥሪያ ቤቴን፣ ማታ የዚህን ማኅበር መዝገብ የምይዝ ሰው ነኝ። ስለ በሽታ እንድናገር የተጠየቅኩት ጉዳዩ በብድር ማመልከቻ በኩል እጄ ስለገባ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት አባላችን ከቁጠባችን ብድር ጠየቀች። በምክንያቱ ቦታ ላይ «ለእናቴ እግር ሕክምና» ብላ ጻፈች። እናቷ ሁለቱም እግራቸው ካበጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ልጅቷ በስልኳ ላይ «እብጠት በስቴም ሴል ይድናል» የሚል ማስታወቂያ አየች። ደውላ ስትጠይቅ አንድ አገናኝ ነኝ ባይ ውጭ አገር ወስዶ እንደሚያሳክምላት ነገራት፤ ግማሹ ገንዘብ ግን አስቀድሞ ይከፈል አለ። የእኛ ብድር ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ላሞችና የዘንድሮው ቡና አብረው ሊሸጡ ነው። ስሟን ሳልጠራ ይህን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። «ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሌላዋም ትጠይቃለች» ነው ያለችው። እውነቷን ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት አንብቤ፣ የጤና ባለሙያዎችንም ጠይቄ ያገኘሁትን ላቅርብላችሁ።

በመጀመሪያ እብጠቱ ምንድን ነው? በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ደም ሲዘዋወር በሥጋ መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ እየሰበሰቡ ወደ ደም ይመልሳሉ። ፈሳሹ ሊምፍ ይባላል። በብብትና በብሽሽት ያሉት እጢዎች የዚሁ መንገድ ማጣሪያዎች ናቸው። ቱቦዎቹ ሲበላሹ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል፤ እጅ ወይም እግር ያብጣል። ሐኪሞች ሊምፍኢዴማ የሚሉት ይህን ነው።

መነሻው ግን አንድ አይደለም። የጡት ካንሰር ሕክምና ያደረገች ሴት የብብቷ እጢ ሲወጣ ወይም በጨረር ሲጎዳ እጇ ሊያብጥ ይችላል። እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ በወባ ትንኝና በመሰሎቿ የሚተላለፍ ጥቃቅን ትል ቱቦዎቹን ይጎዳል፤ ለእሱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ መድኃኒት በጅምላ ይሰጣል። ሦስተኛው የእኛ የደጋውና የወይና ደጋው ሰው በሽታ ነው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ባለሙያዎች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። የሚመጣው ከቀይ አፈር ነው።

ይህን ከአፈር ጋር ያገናኘው በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ስንሄድ ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቱቦዎቹን ያስቆጣሉ፤ በዓመታት ውስጥ ቱቦው ይደነድናል፣ ይዘጋል። ፕራይስ በታማሚዎች የብሽሽት እጢ ውስጥ እነዚህን የአፈር ቅንጣቶች አግኝቷል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም እ.ኤ.አ. በ1988 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው እሱ ነው፤ ከግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን ያገናኛል።

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ዝናቡም ቀይ አፈሩም የሚታወቅ ነው። ከእኛ በስተ ምዕራብ በጉሊሶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጽሑፍ ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጉት፣ በትክክል 2.8 በመቶው፣ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ ሲጠና ከታዩት 129,959 ሰዎች 5,253ቱ በሽታው ነበረባቸው። በዚሁ ላይ ተመሥርቶ በ2017 በወጣ ስሌት በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች ይህ እብጠት እንዳለባቸው ተገምቷል። ስለዚህ የእህታችን እናት ብቻቸውን አይደሉም፤ በጊምቢም በነጆም በደምቢ ዶሎም ገበያ ቀን መንገድ ዳር ብትቆሙ ታዩአቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ስቴም ሴል ልምጣ። በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚሉት አሉ። የሰውነታችን ሕዋሶች አብዛኞቹ ሥራቸው የተመደበ ነው፤ የቆዳው ለቆዳ፣ የጡንቻው ለጡንቻ። ስቴም ሴል ግን ገና ቦታ ያልተመደበለት ሠራተኛ ነው፤ እየተባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ቅዠት አይደለም። የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከአጥንት መቅኔ በሚወሰድ ስቴም ሴል ለአሥርተ ዓመታት ሲታከሙ ኖረዋል። ማስታወቂያውን አሳማኝ ያደረገውም ከጀርባው ይህ እውነት መኖሩ ነው።

ለእብጠት የታሰበው እንዲህ ነው። ከሆድ ወይም ከጭን ትንሽ ስብ ይወሰዳል። በስቡ ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ ሕዋሶች ይለዩና ቱቦው በተጎዳበት ቦታ ይወጋሉ። ሕዋሶቹ አዲስ የሊምፍ ቱቦ እንዲያቆጠቁጥ የሚገፋፉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያመነጩ ፈሳሹ አዲስ መንገድ ያገኛል የሚል ተስፋ አለ።

ተስፋው የት ደረሰ? በዴንማርክ አገር በኦዴንሴ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጡት ካንሰር በኋላ እጃቸው ያበጠ 10 ሴቶች በዚህ መንገድ ታከሙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ከባድ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ብዙዎቹም እጃቸው እንደቀለላቸውና ውጥረቱ እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። እጃቸው ሲለካ ግን መጠኑ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ሕክምናው ያለ ጉዳት ሊሰጥ መቻሉን ለማየት የተደረገ መጀመሪያ ነው፣ ትልቅ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል ብለው ነው የጻፉት። የስልኩ ማስታወቂያ «እጄ ቀለለኝ» የሚለውን ወስዶ የመለኪያውን ውጤት ትቶታል።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ሒሳብ ነውና አንድ ሰነድ ሲመጣልኝ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች እዚህም ላይ ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ከፋዩ ማን ነው? ትክክለኛ የሕክምና ጥናት ሲሆን ታማሚው ለሚሞከርበት መድኃኒት አይከፍልም፤ ያጠናው ተቋም ነው ወጪውን የሚሸፍነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው፣ ታማሚው የሚፈርምበት ጉዳቱንም ጥቅሙንም የሚያስረዳ ወረቀት አለው። «ጥናት ነው፣ ግን ግማሹን ቅድሚያ ክፈይ» የሚባል ነገር ካለ እሱ ሽያጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ? አንድ ሱቅ «ዘንድሮ አተረፍኩ» ቢለኝ የአምናውን መዝገብ አምጣ እለዋለሁ። ሕክምናም እንዲሁ ነው። ያልተወጉትና የተወጉት ጎን ለጎን ካልታዩ እግሩን ያቀለለው መርፌው ይሁን ዕረፍቱ፣ ፋሻው ይሁን ተስፋው አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ የማንን በሽታ ነው ያከመው? የዴንማርኮቹ ሴቶች እጃቸው ያበጠው በቀዶ ጥገናና በጨረር ነው። ያ ጉዳት አንድ ጊዜ ደርሶ ያበቃ ነው። የእኛ እናቶች እግር ግን አፈሩን ዛሬም ይረግጣል። አዲስ ቱቦ ቢበቅል እንኳ ያው አፈር ያገኘዋል። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን ሲሚንቶ ማድረግ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ነገሩ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? በአሜሪካ በፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ለዓይናቸው ሕመም ከገዛ ስባቸው የተወሰደ ስቴም ሴል በአንድ ክሊኒክ ተወጉ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ነበር። ሦስቱም የዓይናቸውን ብርሃን በእጅጉ አጡ፤ ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጠበቃና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ከነቀምቴ ሄደው ተወግተው የሚመለሱ እናት እግራቸው ቢመግል ያ አገናኝ ስልኩን ያነሳል ወይ?

በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ሳየው ይህ ወጪ ሊጸድቅ አይችልም። ለአፈር ወለዱ እብጠት የጸደቀ የስቴም ሴል ሕክምና ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። ነገ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ እኔው ራሴ ማመልከቻውን እጽፋለሁ።

በኮሚቴ ስንነጋገር አንዲት እናታችን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። «ታዲያ ስቴም ሴል ለሀብታም፣ ሳሙና ለድሀ ነው የምትይን?» አሉ። አይደለም። እነዚያ የዴንማርክ ሴቶችም ቢሆኑ ዋና ሕክምናቸው ቆዳቸውን መጠበቅና እጃቸውን የሚያጠብቅ ልብስ ማድረግ ነው። መሠረቱ ለሁሉም አንድ ነው። እኛ መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር ነው፤ ጥናቱ ሲሠራ የእኛም እግር በጥናቱ ውስጥ ይግባ ማለት አለብን። 1.5 ሚሊዮን ሰው ያለበት አገር የሌላውን ማስታወቂያ ገዢ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ደግሞም የእኛ እግር ተጠንቷል። በምሥራቅ ጎጃም የተሠራውን ልንገራችሁ። 696 ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው እግር አስተጣጠብ፣ ቆዳ አያያዝ፣ ፋሻ አጠቃቀም፣ የእግር እንቅስቃሴ ተማሩ፤ ካልሲና ጫማም አደረጉ፤ በየወሩ እየተሰበሰቡ ክትትል ተደረገላቸው። ሌሎቹ ተራቸው ከዓመት በኋላ ሆነ። ያስተማሯቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ።

የተለካው ዋናው ነገር ያ ትኩሳትና ቁርጥማት ያለበት፣ እግሩ ቀልቶ የሚቃጠልበት፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በዓመት ስንት ጊዜ ይነሣል የሚለው ነው። ተራቸውን ይጠብቁ በነበሩት ላይ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ ተነሣ፤ በተማሩት ላይ 19.4 ጊዜ። አንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚህ በላይ አጋንኜ አልነግራችሁም። ሳሙና የደነደነን እግር እንደ ልጅነቱ አይመልስም። ገና ጅምሩ ላይ ያለ እብጠት ግን በደንብ ሲያዝ ሊቀንስ ይችላል፤ ሽታውና ቁስሉ ይጠፋል፤ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ማነጻጸሪያ ያለው፣ በራሳችን አገር ሰው ላይ የተሠራ ውጤት ደግሞ ይህ ነው።

ወደ ሥራው ይመለሳል ማለት በገንዘብ ስንት ነው? በወላይታ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የዚህ በሽታ ታማሚ በዓመት ካሉት የሥራ ቀናት 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይቷል። በዞኑ ሲደመር በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ ነው። አንዲት ቡና ለቃሚ ከሁለት ቀን አንዱን ቤት ስትውል አስቡት። ይህ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ግን በየዓመቱ ከቤቷ ይወጣል።

የዕለት እንክብካቤው ይህ ነው። እግሩን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ። የጤና ባለሙያ በሚነግረን መጠን ጥቂት በረኪና በውኃ ውስጥ ጨምሮ መዘፍዘፍ። በጣቶች መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ እርጥበት የቀረበት ቦታ ይላጣል፣ ጀርም ይገባበታል። ቫዝሊን መቀባት። ባለሙያ ባሳየው መንገድ ፋሻ መጠቅለል፤ ስንቀመጥና ስንተኛ እግሩን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ሕመሙ ሲነሣ ፋሻውን ፈትቶ ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በራሰ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ጤና ጣቢያ መሄድ። መብጣትና መተኮስ ግን አዲስ በር መክፈት ነው፤ ይቅርብን።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓምድ ጻፉት፤ ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ ጥንድ ጫማ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብሩን አልጠራም፤ ግን ያ አገናኝ ቅድሚያ ብሎ በጠየቀው ገንዘብ ብቻ ለብዙ ታማሚዎች የዓመት መታጠቢያ ይገዛል። እናቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ይህን ነው።

ጫማው ላይ ትንሽ ልቆይ። ያበጠ እግር ገበያ ላይ ያለው ጫማ አይገባውም፤ ስለዚህ ብዙዎች «ጫማ አድርጉ» ስንላቸው እንደ ስድብ ይሰሙታል። በወላይታ ለዚህ በሽታ የሚሠራ ፕሮጀክት ታማሚዎቹን ራሳቸውን ጫማ ሥራ አሠልጥኖ ልክ እየወሰዱ እንዲሰፉ አድርጓል። ነቀምቴ ጫማ ሰፊ አላጣችም። ማኅበራችን ልክ ወስዶ ማሰፋት ይችላል።

ስለ ዘርም ልናገር፤ ትዳር የሚያፈርስ ወሬ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸው ታይቷል። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚያብጠው ለዚህ ነው። ይህ ማለት እርግማን ነው ማለት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ማለትም አይደለም። እንዲያውም ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ ከሌላው ይልቅ ቀድሞ ጫማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጫማ የሚያደርግ ተጋላጭ ልጅ በሽታው አይዘውም። በሰሜን አፍሪካ በሽታው ቀድሞ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። መርፌም ክኒንም አላጠፋውም።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለማንኛውም አገናኝ ቅድሚያ ክፍያ የሚውል ብድር ከቁጠባችን አይሰጥ። ላሞቹም አይሸጡ።

ሁለተኛ፣ የእህታችን እናት በቅድሚያ እዚሁ ነቀምቴ ሆስፒታል ይታዩ፤ ከዚያ አልፎ ካስፈለገ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል እንዲሄዱ የመጓጓዣውን ብድር ያለ ወለድ እንስጣት። እብጠቱ ከአፈር ነው ወይስ ከሌላ የሚለውም መታወቅ አለበት፤ የልብና የኩላሊት ሕመምም እግር ያሳብጣል።

ሦስተኛ፣ ሳሙናውን፣ በረኪናውን፣ ቫዝሊኑንና ፋሻውን ማኅበሩ በጅምላ ገዝቶ በመግዣ ዋጋው ለታማሚ ቤተሰቦች ያድርስ። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ። ሕመሙ በወር ስንት ጊዜ እንደተነሣባቸው አብረን እንጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ለውጡን በራሳችን ቁጥር እናያለን።

አራተኛ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ ከእነዚህ ቤቶች ለሆኑ ልጆች ሽፍን ጫማ እንግዛ። በስብሰባችንም እግራቸው ያበጠ እናቶች በር አጠገብ መቀመጣቸው ይቅር፤ ከመካከላችን ይቀመጡ። ይህኛው ወጪ የለውም።

እህታችን ለእናቷ የምትችለውን ሁሉ ልታደርግ መነሳቷ የሚያስመሰግናት ነው። ይህን ፍቅር ለማያውቁት ሰው ከፍላ እንዳትባክን መርዳት የእኛ ድርሻ ነው። ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ እጅ እናውጣ።